የከበደው የኋላ ጎማ

አጥብቄ ይሉታል። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው፤ ሰፈሩ ግን አጥብቄ ብሎት ቀርቷል። ሞተር ብስክሌት ጠግኖ ሲጨርስ የመጨረሻዋን ዳዶ ትከሻውን ጭምር ሰጥቶ ያስርና «አጥብቄዋለሁ፣ ሂድ በሰላም» ይላል። እሱ ያሰረውን የሚፈታ ሌላ መካኒክ ቁልፉ ላይ ብረት ቀጥሎ ካልተንጠለጠለበት አይሆንለትም። ደረተ ሰፊ፣ ንግግሩ ቁጥብ፣ ሲስቅ የሚያምርበት፣ ግን ከሳቀ የቆየ ሰው ነው። ቂምም ሲይዝ እንደ ዳዶው አጥብቆ ነው የሚይዘው፤ ይህን የምትለው ሚስቱ ናት፣ እሷ ደግሞ ታውቃለች።

ጋራዡ የአባቱ ነበር። አባትየው ሲሞት ለሁለት ወንድ ልጆች ተረፈ፤ ለአጥብቄና ለታናሽ ወንድሙ። ታናሽየውን ሰፈሩ መርማሪው ይለዋል፣ ምክንያቱም የተዘጋ ነገር አይቶ ማለፍ አይችልም። ሰዓትም ይሁን ሬዲዮ፣ የጎረቤት የበር ቁልፍም ቢሆን ካገኘ ይፈታዋል፤ ደግነቱ መልሶ መግጠምም ያውቃል። ከሁለቱ በታች አንዲት እህት አለቻቸው። ከቁልቁለቱ ግርጌ ባለው ጤና ጣቢያ አዋላጅ ናት፤ በአባቷ አሮጌ ሞተር ጠዋት ትወርዳለች፣ ማታ ትወጣለች።

ወንድማማቾቹ ሆድና ጀርባ ከሆኑ ዓመት አልፏቸዋል። ነገሩ ለሚሰማው ያስቃል፣ አብሯቸው ለሚኖር ግን አያስቅም። አንድ ቀን አጥብቄ የአንድ ደንበኛ የኋላ ጎማ ገጥሞ፣ አስሮ፣ እጁን ሊታጠብ ዞር ሲል መርማሪው ምንም ሳይናገር ያንኑ ጎማ አውርዶ ፈታው። ደንበኛው ቆሞ ያያል። በሩ ላይ የተሰበሰበው ሥራ ፈትም ያያል። መርማሪው ውስጡን በጣቱ ነካክቶ፣ አጎንብሶ አይቶ፣ «ደህና ነው» ብሎ መልሶ ገጠመው። ስህተት አግኝቶ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ይታረቁ ነበር። ደህና መሆኑ ነው ያቃጠለው። ደንበኛው ደግሞ ሳቀና «ታላቅየው ሠራ፣ ታናሽየው አረመ!» አለ። ሥራ ፈቱ ሁሉ አብሮ ሳቀ። አጥብቄ ፊቱ ደም መስሎ «ከዛሬ ጀምሮ እኔ የነካሁትን እንዳትነካ፤ እኔም ያንተን አልነካም» አለው። ለወንድሙ የተናገረው የመጨረሻ ቃል ይህ ሆነ።

ቃሉን በቀለም አጸናው። የሥራ ጠረጴዛውን እኩል ለሁለት ከፍሎ መሃሉ ላይ ቀይ መስመር አሰመረ። ወዲህ የሱ ቁልፎች፣ የሱ መዶሻ፣ የሱ ጨርቅ፣ ዕቃ የሚያጥብበት የናፍጣ ጣሳ፤ ወዲያ የወንድሙ። ጎማን እንኳ ተካፈሉት። የሰንሰለቱ ጎን የአጥብቄ፣ የፍሬኑ ጎን የመርማሪው። አንዱ ድርሻውን ጨርሶ ጎማውን መስመሩ ላይ ያኖረዋል፣ ሌላው ከዚያ ያነሳዋል። አንዱ የሌላውን ሥራ አያይም፣ ቢያይም እንዳላየ ያልፋል። አባትየው ከመቃብር ቀና ብሎ ይህን ቢመለከት ኖሮ ሁለቱንም በመዶሻ እጀታ ነበር የሚያስታርቃቸው።

መነጋገር ግድ ሲሆን እህታቸው አለች። «ለወንድምሽ ንገሪው፣ ትልቁን መዶሻ ይመልስ» ይላል አንዱ። «ለጋሼ ንገሪው፣ መዶሻው የኔ ነው» ይላል ሌላው። ሁለቱ በክንድ ርቀት ቆመው ይህን ይላሉ፤ እሷ የራስ ቁሯን እንዳጠለቀች ወዲያና ወዲህ አንገቷን ታዞራለች። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነባት። አንዳንዴ ከራሷ ማር ትጨምርበታለች፤ «እባክህ ብሎሃል» ትላለች፣ ማንም እባክህ ሳይል። እናታቸው ከጓሮው ክፍል ሆና ትሰማና «ሁለት ወንድ ልጅ ወልጄ አንድ አንደበት አጣሁ» ትላለች። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእነዚህኞቹ ዝምታ ግን ነቅዟል።

ያን ቀን ጠዋት እህትየው ሞተሯን እየገፋች ገባች። የኋላው ጎማ ከትናንት ጀምሮ ያጉረመርማል። አጥብቄ ጎማውን በእጁ አሽከረከረና ጆሮውን አስጠግቶ ሰማ። ኩሽኔታዎቹ አልቀዋል። መርማሪውም ከወዲያ በኩል ሰማ። በዚህ እንኳ ተስማሙ፣ ሳይነጋገሩ።

«ቶሎ በሉልኝ» አለች እህትየው። «ተረኛ ነኝ። ያደረችዋ ልጅ እኔ ካልደረስኩ መውጣት አትችልም።»

የኋላ ጎማ እምብርት ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው በአጭሩ ይነገር። መካኒኮቹ ሞዞ ይሉታል። በግራና በቀኙ አንዳንድ ኩሽኔታ ይገባበታል፣ ጎማው የሚዞረው በእነሱ ላይ ነው። በሁለቱ መሃል አንዲት አጭር የብረት ቱቦ ትቀመጣለች። እሷ አትዞርም፣ አትጮኽም፣ ከውጭም አትታይም። ሥራዋ መሃል ሆና መቆም ብቻ ነው። ጎማውን የሚሸከመው ዘንግ፣ ፔርኖው፣ በመሃሉ አልፎ ዳዶው ሲጠብቅ ጉልበቱ ሁሉ ሁለቱን ኩሽኔታዎች ወደ መሃል ይገፋቸዋል፤ ያን ጊዜ ቱቦዋ ትመክታለች። እሷ ከሌለች ኩሽኔታዎቹ ይጨመቃሉ። ጎማው መጀመሪያ ትንሽ ከበድ ይላል። ቀጥሎ ይግላል፣ ቅባቱ፣ ግራሶው፣ ይቀልጣል፣ ይጨሳል። በመጨረሻ ኩሽኔታው ይፈነዳና ጎማው እየሮጠ ባለበት ቀጥ ይላል። ሜዳ ላይ ከሆነ መውደቅ ነው። ቁልቁለት ላይ ከሆነ እግዜር ይወቀው።

ሁልጊዜ የሚጀምረው አጥብቄ ነው። የሰንሰለቱን ጎን ኩሽኔታ መትቶ ያስገባና ጎማውን መስመሩ ላይ ያኖረዋል። መርማሪው ገልብጦ ቱቦዋን ይጨምርና የፍሬኑን ጎን ይመታል። ቱቦዋን የሚያስገባ ሁለተኛ የሚመታው ነው፤ ይህን ሕግ ያወጣ የለም፣ እጅ ራሱ ያወጣው ነው። ያን ቀን ግን የአጥብቄ ኩሽኔታ ልኩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። ሊገዛ እስከ ሱቁ ሲሄድ መርማሪው ቆሞ አልጠበቀም፤ የራሱን ጎን መታ፣ አዲስ የፍሬን ሸራ ገጠመ፣ ጎማውን መስመሩ ላይ አኖረ። አጥብቄ እያለከለከ ተመልሶ ያንን ጎማ አነሳና የሱን ጎን መታ። እጁ እንደ ልማዱ ሄደ። የዛሬው ሁለተኛ እሱ መሆኑን ጭንቅላቱ ቢያውቅም እጁ አላወቀም።

ፔርኖውን ሲያስገባ ያለወትሮው ምንም ሳይነካ ሸርተት ብሎ አለፈለት። ደስ አለው። ዳዶውን ትከሻውን ሰጥቶ አሰረ፣ ከዚያ ጎማውን አሽከረከረው። ጎማው ዞረ፣ ግን ከበድ ብሎ ዞረ። አጥብቄ ለአፍታ እጁን ጎማው ላይ እንዳኖረ ቆመ። ዓይኑ ወደ ፍሬኑ ሄደ። አዲስ ሸራ፣ የወንድሙ ሥራ፤ ወፍራም ገጥሞበት ይሆናል፣ ይፈትጋል ማለት ነው፣ አለ በሆዱ። ይህን ለወንድሙ መንገር ይችል ነበር። በእህቱ በኩል መንገርም ይችል ነበር፣ እዚያው ቆማለች። አልተናገረም። እውነቱ ይነገር ከተባለ በሆዱ ትንሽ ደስ ብሎታል። ማታ «ፍሬኑ ይይዛል» ብላ ትመጣለች፤ ያኔ ሰው ሁሉ እያየ ወንድሙ የገዛ ሥራውን ይፈታታል። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት እንዲሉ፣ ቂም ይዞ መካኒክነትም አይሆንም። ይህን ግን ያን ሰዓት ማን ይንገረው።

እህትየው ሞተሩን ከግቢ ገፍታ አወጣች። በሩ ላይ ስትደርስ ቆም ብላ ወደ ኋላ አየች፣ አፏንም ልትከፍት ያለች መሰለ። ከዚያ የራስ ቁሯን አጥልቃ አስነስታ ሄደች።

ቀጥሎ የገባው ዳቦ አመላላሹ ነበር። ወፍራም፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ሰው ካላዋራ የሚያመው ሰው ነው። የኋላ ጎማው ያጉረመርማል አለ፤ ኩሽኔታው። እንግዲህ ሥራው ያው ነው። አጥብቄ የሱን ጎን መትቶ ጎማውን መስመሩ ላይ አኖረና ቀና ሲል መርማሪው ከራሱ ወገን ቱቦ አንስቶ ወደ ሞዞው ሲከት አየ። ቱቦዋ ውስጥ ስትገባ ቀጭን ድምፅ አሰማች፣ ቅጭል።

አጥብቄ ክው አለ። ያቺን ድምፅ ጠዋት አልሰማትም። ዛሬ ሁለተኛ የመታው እሱ ነው፤ እሱ ደግሞ ቱቦ አልያዘም። ወንድሙ አስቀድሞ አስገብቷት ይሆን? ሊሆን ይችላል። መርማሪው ነገር አያልፈውም። ግን ፔርኖው ለምን ያን ያህል ተንሸራተተ? ቱቦዋ ካለች ሁልጊዜ ትንሽ ትዘነብላለች፣ ፔርኖውን ጫፏ ላይ ትይዘዋለች፣ በጣት ቀና ካላደረጓት አታሳልፍም። ዛሬ የያዘው ነገር አልነበረም። ጎማውም ከብዶ ነበር።

በእጁ የያዘውን ቁልፍ አስቀመጠና የራሱን ወገን ጠረጴዛ ፈተሸ። ጨርቁን አራገፈ፣ ከጠረጴዛው ሥር ተንበርክኮ መሬቱን ዳበሰ፣ የራሱን ጣሳ ናፍጣ ደፍቶ አየ። የለችም። ከመስመሩ ወዲያ የወንድሙ ጣሳ አለ፤ ናፍጣው እንደ ጭቃ የጠቆረ፣ ውስጡ ምን እንዳለ የማይታይ።

ስልኩን አውጥቶ እህቱ ጋ ደወለ። ጠራ፣ ጠራ፣ ጠራና ቆመ። ሞተር ላይ ስትሆን ስልኳ ቦርሳዋ ውስጥ ነው፣ አትሰማም። እንደገና ደወለ። መርማሪው ጀርባውን ሰጥቶ የዳቦ አመላላሹን ጎማ ይመታል፤ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። አንድ ጥያቄ ነው። አንድ አፍ የምታህል ጥያቄ። የሚጠይቀው ሰው በክንዱ ርቀት ቆሟል። አጥብቄ አፉን ከፈተ፣ ምላሱ ግን ዓመት ሙሉ ያልተነካ ዳዶ ሆኖበት አልላወስ አለው። ደግሞ ደንበኛ ቁጭ ብሏል። እንደገና በደንበኛ ፊት? እንደገና ታላቅየው ሠራ፣ ታናሽየው አረመ?

ወደ ዳቦ አመላላሹ ጠጋ አለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እስቲ አንድ ነገር ጠይቅልኝ» አለው። «ያንን ሰው። ጠዋት የእህቴን ጎማ ሲሠራ ሁሉንም ነገር አስገብቶ እንደሆነ።»

«የቱን ሰው?»

«ያንን።»

«ወንድምህን? ይኼ እዚህ የቆመውን?» ዳቦ አመላላሹ ከተቀመጠበት ሳጥን ላይ እስኪወድቅ ሳቀ። «ጌታዬ፣ እኔ ዳቦ ነው የማመላልሰው፤ ነገር አላመላልስም! ራስህ ጠይቀው፣ አይነክስህም።»

መርማሪው መዶሻውን አቆመ፣ ግን አልዞረም። አጥብቄ በዓይነ ልቦናው ቁልቁለቱን አየው፤ እህቱ አሁን ከተማውን ጨርሳለች፣ የመጀመሪያውን መታጠፊያ ይዛለች። ኩሽኔታው እየጋለ ነው። በግራ ግድግዳ፣ በቀኝ ገደል። ሲያስር ደግሞ ትከሻውን ሰጥቶ ነው ያሰረው። ላላ ያለ እጅ ቢያስረው ኖሮ ጊዜ ይሰጣት ነበር፤ አጥብቄ የተባለው ሰው እጅ ግን ጊዜ አይሰጥም። ነገር ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል፤ ቅጠሉን ይዞ ቆሞ ግን የሚናገርበት አፍ አጣ። በዚያ ሁሉ ጭንቀት ውስጥ እንኳ የሚያስበው የዳቦ አመላላሹን ሳቅ ነበር። እንዲህ ያለ ልብ እንዳለው ሲያውቅ ራሱን ጠላው።

ቀዩን መስመር አልፎ እጁን በወንድሙ ጣሳ ውስጥ ሊከት ሰነዘረ።

መርማሪው ዞሮ የእጁን አንጓ ያዘው። «ይኼ ሰው ዕቃዬን እንዳይነካ ንገረው» አለ፣ ለዳቦ አመላላሹ።

«ቱቦዋ የት ነች?» አለ አጥብቄ።

ለመርማሪው ነው ያለው። ፊት ለፊት፣ ዓይኑን እያየ። ዳቦ አመላላሹ ሳቁን ዋጠ።

«የቷ ቱቦ?»

«የእህትህ ጎማ። መሃል ቱቦዋን አስገብተሃታል ወይ?»

የመርማሪው ፊት ቀስ እያለ አመድ ሆነ። «ጋሼ» አለ። ዓመት ሙሉ ያላላት ቃል ናት፣ ሳያስባት ወጣች። «ጋሼ፣ ዛሬ ሁለተኛ የመታኸው አንተ ነህ እኮ።» የወንድሙን እጅ ለቀቀና የራሱን እስከ ክርኑ ጣሳው ውስጥ ከተተ። ሲያወጣው ቱቦዋ በጣቶቹ መሃል ነበረች፤ ታጥባ፣ ተወልውላ፣ ናፍጣ እያንጠባጠበች።

ከዚያ በኋላ ማንም ጥፋቱ የማን ነው አላለም። መርማሪው የራሱን ሞተር አስነሳ። አጥብቄ ቱቦዋን ኪሱ ከተተ፣ ሁለት ኩሽኔታ፣ መዶሻና ቁልፎች በጨርቅ ጠቅልሎ ከኋላ ፈናጠጠ። ዳቦ አመላላሹ «የኔስ ጎማ?» ሊል አፉን ከፍቶ የሁለቱን ፊት ሲያይ ዘጋው። ከግቢው ሲወጡ እናታቸው የታጠበ ልብስ ልታሰጣ ብቅ ብላ ነበር። ሁለቱን ልጆቿን በአንድ ሞተር ላይ አየቻቸው። የያዘችውን ልብስ ጣለችና ሁለት እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ «ተመስገን! ተመስገን አምላኬ! ለዚህ ቀን አደረስከኝ!» አለች። አጥብቄ ከዚህ የከፋ ነገር በሕይወቱ ሰምቶ አያውቅም። ዞሮ ሊያያት አልደፈረም።

መጀመሪያ የወንድሙን ወገብ አልያዘም፤ ከኋላው ያለውን የዕቃ መጫኛ ብረት ነበር የጨበጠው። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ሞተሩ ሲያዘነብል ግን ብረቱን ለቆ በሁለት እጁ ወገቡን ያዘ። የወንድሙ ልብ ሲመታ በጃኬቱ በኩል ይሰማዋል፣ ወይ የራሱ ልብ ነው፣ አልለየውም።

«ሽታው ይሸትሃል?» አለ መርማሪው በነፋሱ መሃል እየጮኸ።

ሸትቶታል። የተቃጠለ ግራሶ። ከጭነት መኪናም ሊሆን ይችላል፣ መንገዱ የጭነት መኪና መንገድ ነው። «ንዳ» አለው።

በየመታጠፊያው አጥብቄ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ካለፉ በኋላ ይገልጣል። ባዶ መንገድ ሲያይ ተመስገን ይላል፣ ወዲያው ደግሞ ቀጣዩ መታጠፊያ ይመጣል። ፍየል የሚሸጡ ሰዎች አለፉ። ውሃ የጫነ ጋሪ አለፉ። ሦስቱም ልጆች ሆነው አባታቸው ዛሬ እህቱ በወሰደችው ሞተር ላይ አንድ ላይ ጭኗቸው በዚህ መንገድ ሲወርድ ትዝ አለው፤ ትንሿ ከፊት፣ ሁለቱ ከኋላ፣ እሱ የወንድሙን ቀበቶ ጨብጦ። ምን ሆነን ነው፣ አለ በሆዱ፣ ምን ሆነን ነው እንዲህ የሆንነው?

ሰፊው መታጠፊያ ላይ አስፋልቱ ላይ ጥቁር መስመር ተሰምሯል። አንድ ጎማ ቆሞ የተጎተተበት መስመር ነው። መሃሉን ይዞ ሄዶ ሄዶ ወደ ግራ፣ ወደ ግድግዳው ይታጠፋል። መጨረሻው ላይ አሸዋ የጫነ መኪና ቆሟል፣ ሰውም ተሰብስቧል። መርማሪው ፍሬን ሲይዝ አጥብቄ ሞተሩ እስኪቆም አልጠበቀም፤ ዘሎ ወረደ፣ ተንገዳገደ፣ ሰዉን በክርኑ ገፍቶ ገባ።

እህቱ ቦዩ ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። የራስ ቁሯ ጎኑ ተፍቆ አጠገቧ ተጥሏል። ግራ እጇን በቀኝ እጇ ደረቷ ላይ ይዛዋለች፣ አንጓው መሆን በማይገባው በኩል ተጣሟል። ጉንጯ ተልጧል። በሕይወት አለች። አጥብቄ ፊት ለፊቷ ተንበረከከ።

«ደህና ነኝ ጋሼ» አለች። «እጄ ብቻ ነው። በዚህ በኩል ነው የወደቅኩት።» በዚያ በኩል ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር አልተናገረችም፣ ሰውም ሁሉ ወደዚያ ላለማየት ይጠነቀቅ ነበር።

አጥብቄ ሊያቅፋት ፈለገ፣ የቱ ጋ እንደሚነካት ግን ጨነቀው። ዞር ሳይል፣ በዓመቱ ልማድ፣ «ለወንድምሽ ንገሪው፣ ውሃ ያምጣ» አለ።

እህትየው አየችው።

«አልነግረውም» አለች። «እዚህ ቆሟል። ሁለተኛ አልነግርላችሁም።»

«እሺ፣ እሺ እህቴ...»

«ከግቢ ስገፋው ጀምሮ እኮ ከብዶኝ ነበር።»

«አውቀሽ ነው? ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«ለማን ልናገር?» ድምፏ አልጮኸም፤ ቢጮኽ ይሻል ነበር። «ላንተ ብነግርህ የፍሬኑ ጎን ነው፣ ለሱ ንገሪው ትለኛለህ። ለሱ ብነግረው የሰንሰለቱ ጎን ነው፣ ለጋሼ ንገሪው ይለኛል። ሰለቸኝ። በር ላይ ቆሜ አሰብኩት። ከናንተ መሃል ከምገባ በከበደ ጎማ ብወርድ ይሻለኛል አልኩ።»

መርማሪው ከአጥብቄ ኋላ ቆሞ ሰምቷል።

የአሸዋው መኪና ሾፌር ሸምገል ያለ፣ ቁጡ ሰው ነበር። የወደቀውን ሞተር አቅንቶ አቁሞት ጎማውን በእግሩ ሲነካው ንቅንቅ አይልም፤ ከመሃሉ ጭስ ገና ይወጣል። «ይኼን ጎማ የሠራው ማን የሚሉት መካኒክ ነው?» አለ ጮክ ብሎ። «ሰው ነው ወይስ ምንድነው? እኔ ትንሽ ፈጥኜ ቢሆን ኖሮ ላይዋ ላይ ነበር የምወጣው! ማነው የሠራው?»

አጥብቄ ተነስቶ ቆመ።

«እኔ ነኝ» አለ። «መሃል ቱቦዋን ረስቼ ዘጋሁት። ሲከብድም አውቄያለሁ። ከብዶ ነበር፣ የወንድሜ ፍሬን ነው ብዬ ዝም አልኩ። እንዲዋረድ ፈልጌ ዝም አልኩ።»

ይህን ሁሉ በማያውቃቸው ሰዎች ፊት ተናገረው። ሾፌሩ ይህን ያህል አልጠየቀም ነበርና ግራ ገባው።

መርማሪው መሬት መሬቱን እያየ ነበር። «ቱቦዋን አጥቤ አዘጋጅቼያት ነበር ጋሼ» አለ። «መስመሩ ላይ ላኖርልህ ስል ተውኩት። ጣሳው ውስጥ መልሼ ከተትኳት። ቱቦዋ የት አለች ብለህ እንድትጠይቀኝ ነበር። እሷን ካጣህ መጠየቅህ አይቀርም አልኩ። ከዚያ ዘግተኸው ሳይ ሌላ ቱቦ ያገኘህ መሰለኝ። አኮረፍኩ።»

አጥብቄ ኪሱ ውስጥ ያለችውን ቱቦ ጨበጣት። ለመሳደብም ለማቀፍም የሚሆን ጉልበት አልነበረውም። አውጥቶ ለወንድሙ ሰጠው፣ ከኩሽኔታዎቹና ከመሣሪያው ጋር። መርማሪው ተቀበለ።

ሾፌሩ ቁጣው በርዶ «እንግዲህ ልጅቷን እኔ ጤና ጣቢያ ላድርሳት፣ መንገዴ ነው» አለ። እህትየው «እዚያው ነው የምሠራው» ስትል ሰዉ ትንሽ ሳቀ፣ ሳቁም ሁሉንም ትንሽ አቀለላቸው። አጥብቄ ደግፎ ወደ መኪናው አወጣትና ከጎኗ ተቀመጠ። መርማሪው መንገድ ዳር የሞተሩን ጎማ እያወረደ ቀረ።

መኪናው ሲንቀሳቀስ መርማሪው ከጎማው ላይ ቀና ብሎ የሆነ ነገር ጮኸ። የመኪናው ጩኸት ዋጠው። አጥብቄ አንገቱን በመስኮት አወጣ።

«ምን አልክ?»

መርማሪው እንደገና ጮኸ። አሁንም አልተሰማም። አጥብቄ ሾፌሩን በእጁ ምልክት አስቆመውና እስከ ደረቱ በመስኮት ወጣ።

«አልሰማሁህም! ምን አልክ?»

«እጇን እንደሱ አይደለም የሚያዘው! ከሥር ደግፍላት!»

ሾፌሩም፣ መንገድ ዳር የቆመው ሰውም ሰማ። አጥብቄ «እሺ» አለ። ወደ ውስጥ ተመለሰና እጇን ከሥር ደገፈላት።